ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ፦ የትንሣኤን ተስፋ በካቶሊካዊ ቤት ውስጥ ለመኖር የሚረዳ መመሪያ

ዐቢይ ጾምን እንዴት እንደምንይዘው ብዙዎቻችን እናውቃለን። ልጆቻችን ዓርብ ዓርብ ከእኛ ጋር ፍኖተ መስቀል ይጸልያሉ፣ ሆሳዕና ሲደርስ የዘንባባ ቀለበት ይሠራሉ፣ በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ እግር ሲያጥቡ ያያሉ፣ ስቅለትን ከአቅማቸው በላይ በሆነ ስግደት ያሳልፋሉ። ከዚያ በኋላ ፋሲካ ይመጣል፤ ዶሮው ይበላል፣ እንግዳው ይሸኛል፣ ሰኞ ማለዳም ቤቱ ወደ ቀድሞ ኑሮው ይመለሳል። በዚህ መንገድ ያደገ ልጅ ሳናስተምረው የሚማረው ነገር አለ፤ ይኸውም ሐዘኑ ለሳምንታት የሚዘልቅ ከባድ ሥራ፣ ደስታው ግን የአንድ ቀን ምሳ መሆኑን ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉትን 50 ቀናት እንደ አንድ ታላቅ በዓል አድርጋ የምታከብራቸው በመሆናቸው፣ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በእነዚሁ ቀናት ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከአራት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት የሚደርሱ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች በማሰብ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በግዕዝ ሥርዓትም ሆነ በላቲን ሥርዓት ለሚጸልዩ ቤቶች ያገለግላል።

ከመጀመሪያው አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። እዚህ የተጻፈውን ሁሉ በአንድ ዓመት ለመፈጸም መሞከር የቤቱን ሰላም ያደፈርሳል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ ይመረጥ፤ የተመረጠው ግን እስከ ጰራቅሊጦስ ሳይቋረጥ ይያዝ። ልጅ የሚያምነው የሚደጋገመውን ነው።

ደረጃ 1፦ ቀዳም ስዑር፣ ከሌሊቱ በፊት

ዝግጅቱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይጀመራል። በቅድሚያ ሁለት የመስታወት ብርጭቆዎችና 50 የሽምብራ ፍሬዎች ይዘጋጁ። ፍሬዎቹን ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሩ፤ ትንሹ ልጅ ሠላሳ ላይ ተሳስቶ እንደገና ቢጀምርም ታገሡት። ሁሉም ፍሬዎች በአንደኛው ብርጭቆ ይቀመጡና ከትንሣኤ እሑድ ጀምሮ በየምሽቱ ከጸሎት በኋላ አንድ ፍሬ ወደ ሁለተኛው ይዘዋወራል። የትንሣኤ እሑድ አንደኛው ቀን ተብሎ ስለሚቆጠር ዕርገት በ40ኛው ቀን ሐሙስ፣ ጰራቅሊጦስም በ50ኛው ቀን እሑድ ይውላል። ሃያኛው ምሽት ላይ ልጅ ብርጭቆውን አይቶ «ገና ፋሲካ ነው እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ብርጭቆው ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የልጆቹ የጥምቀት ሻማ ከተቀመጠበት ይውጣ። ብዙ ቤት ውስጥ ይህ ሻማ ከክርስትና ልብሱ ጋር ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ የሚኖር ሲሆን፣ ልጁም አይቶት አያውቅም። ሻማው ከጠፋ ተራ ጧፍ ይበቃል።

በዚሁ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን ቄጤማ በራሳቸው ላይ ሲያስሩና ቤቱን ሲጎዘጉዙ፣ የኖኅን ርግብ ታሪክ ንገሯቸው። በመጽሐፍ ቅዱስ ርግቢቱ ያመጣችው የወይራ ቅጠል ነው፤ በእኛ ልማድ ቦታውን ለምለሙ ቄጤማ ተክቶታል። ለልጆች መነገር ያለበት ዋናው ነገር ርግቢቱ ቅጠሉን ይዛ በመጣች ጊዜ ምድር ገና ያልደረቀች መሆኗ ነው። ኖኅ ከመርከብ ከመውጣቱ በፊት ገና ብዙ ቀናት መጠበቅ ነበረበት፤ ቅጠሉ ግን ውኃው እየጎደለ መሆኑን አሳወቀው። ተስፋ የሚለውን ቃል ለስድስት ዓመት ልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ደረጃ 2፦ ሌሊቱና የቤቱ ሰላምታ

ትንንሽ ልጆችን እየጎተቱ ወደ ሌሊቱ ቅዳሴ መውሰድ የወላጅ ኩራት እንጂ የልጅ ጥቅም አይደለም። ከሰባት ዓመት በታች ያሉት በቀን ይተኙ፤ ከተነሡ ይሂዱ፣ ካልተነሡ ደግሞ ከወላጆች አንዱ ከእነርሱ ጋር ቀርቶ በማለዳው ቅዳሴ ይካፈል። ከፍ ያሉት ግን ጨለማውን፣ የመጀመሪያውን ብርሃንና ጧፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማየት ይገባቸዋል፤ ይህን ትዕይንት ማንም በቃል ሊያስተምራቸው አይችልም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወጡ ከመቅረቡ በፊት፣ ሁሉም ቆሞ የትንሣኤውን ሰላምታ በተራ ይበል። የቤቱ ታላቅ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ ቤተሰቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይመልሳል፤ «አሠሮ ለሰይጣን» ሲሉ «አግዐዞ ለአዳም»፤ «ሰላም» ሲሉ «እምይእዜሰ»፤ «ኮነ» ሲሉ ደግሞ «ፍሥሐ ወሰላም» ይላል። ልጆች ግዕዙን በዜማው ምክንያት በሁለት ቀን ይይዙታል፤ ትርጉሙን ግን አስቀድማችሁ በአማርኛ ንገሯቸው። ክርስቶስ በታላቅ ኃይልና ሥልጣን ከሙታን ተነሣ፣ ሰይጣንን አሰረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው፣ ከእንግዲህም ደስታና ሰላም ሆነ። ይህ ሰላምታ ለ50 ቀናት የቤቱ የማታ ጸሎት መክፈቻ ይሁን። የመልአኩን ብሥራት ጸሎት በቀን ሦስት ጊዜ የሚደግሙ ቤቶችም በዚህ ወቅት «የሰማይ ንግሥት ሆይ፣ ደስ ይበልሽ» በሚለው ይተኩት።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዶሮና በግ ለመግዛት ተበድሮ እስከ ሰኔ ዕዳ መክፈል ልጆች ፊት የሚፈጸም የተስፋ ማጣት ትምህርት ነው። ድፎ ዳቦና ቡና ብቻ የቀረበበት፣ ነገር ግን ወላጆች ሳይጨቃጨቁ የተቀመጡበት ማዕድ የተሟላ ፋሲካ ነው። እጥረቱን ከልጆች መደበቅም አያስፈልግም፤ «ዘንድሮ አቅማችን ይህ ነው» ብሎ በእርጋታ መናገር ይበቃል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ሳምንት

በግዕዙ ሥርዓት ከትንሣኤ ማግሥት ጀምሮ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ስም አለው። ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት፣ እሑድ ዳግም ትንሣኤ ይባላሉ። ሻማው ይብራና የቀኑ ስም ይነገር፤ ከዚያም ከወንጌል ጥቂት መስመር ይነበብ። ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ከእነዚህ ሁሉ ለቶማስ ማክሰኞ ሰፋ ያለ ጊዜ ስጡ። ልጆች በተለይም ዐሥር ዓመት ካለፋቸው በኋላ ጥርጣሬያቸውን ከወላጅ የሚሰውሩት ቁጣን ስለሚፈሩ ነው። በዚያ ምሽት ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለወላጆችም ጭምር፣ ቁራጭ ወረቀት ይሰጥና ያልገባውን ወይም ለማመን የከበደውን ነገር ስሙን ሳይጽፍ ያስፍር። ወረቀቶቹ ተደባልቀው አንድ በአንድ ይነበቡ። ጌታ ቶማስን ከመካከል አላስወጣውም፤ ከስምንት ቀን በኋላ ለእርሱ ሲል ተመልሶ መጣና ቁስሉን አሳየው። ስለዚህ ለጥያቄው መልስ ያላችሁ መልሱ፤ የሌላችሁ «አላውቀውም፣ እሑድ ቆሞሱን እንጠይቃቸዋለን» በሉ፤ እሑድ ደግሞ በእርግጥ ጠይቁ። «ይህ አይጠየቅም» የሚለው መልስ ልጁን ከጥያቄው ሳይሆን ከእናንተ ያርቀዋል።

ይህ ልምምድ ለእኛ አገር ካቶሊካውያን ሌላም ጥቅም አለው። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊካውያን ከአገሪቱ ሕዝብ 1 በመቶ እንኳ አልሞሉም፤ ስለዚህ ልጆቻችን በብዙ ክፍል ውስጥ ብቸኛ ካቶሊክ ሆነው ይማራሉ፣ «ካቶሊክ ደግሞ ምንድን ነው?» ተብለውም ይጠየቃሉ። ሐዋርያው ጴጥሮስ በውስጣችን ስላለው ተስፋ ለሚጠይቁን ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን፣ ይህንንም በየዋህነትና በፍርሃት እንድናደርግ አዝዟል። ቤት ውስጥ መጠየቅ የለመደ ልጅ ውጭ ሲጠየቅ አይሳደብም፣ አይሸማቀቅምም።

በአልዓዛር ረቡዕ በቅርቡ ሰው የሞተበት ቤት ካለ ከልጆች ጋር ሄዳችሁ ጠይቁ። በቤተ ክርስቲያን ዓርብ እያንዳንዱ ልጅ የተጠመቀበት ቀን፣ ቦታና የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ማን እንደሆኑ ይነገረው፤ ከተቻለም ስልክ ተደውሎ እንኳን አደረሳችሁ ይባሉ። በቅዱሳት አንስት ቅዳሜ ወንዶቹ ልጆች ቡናውን አፍልተው እናታቸውን ያስተናግዱ፤ ባዶውን መቃብር አስቀድመው ያዩትና ለሐዋርያት ያበሠሩት ሴቶች መሆናቸውን አባት ራሱ ቢያነብላቸው ደግሞ ይበልጥ ይሰማቸዋል። በላቲን ሥርዓት የሳምንቱ እሑድ የመለኮታዊ ምሕረት በዓል ነው፤ ይህም ስያሜ በቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ዘመን፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር በ2000፣ ለመላው የላቲን ሥርዓት የተሰጠ ነው። ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያሸጋግረንም ይኸው ምሕረት ነው።

ደረጃ 4፦ በሐይቁ ዳር ያለው ቁርስ፣ ወይም ያጠፋን ልጅ መመለስ

በእኔ ግምት የትንሣኤ ተስፋ በአንድ ቤት ውስጥ መኖሩ ወይም አለመኖሩ የሚታወቀው ልጅ ባጠፋ ጊዜ ነው። ሻማውም ሽምብራውም ወደዚህ የማያደርሱ ከሆነ ጌጥ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን ወላጆች ብቻቸውን ተቀምጠው ያንብቡት። ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ የከሰል እሳት ሲሞቅ ነበር። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የቆየውም የከሰል እሳት አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ነበር። መጀመሪያ አበላቸው። ከበሉ በኋላ ጴጥሮስን «ለምን ካድኸኝ?» አላለውም፤ «ትወደኛለህን?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ጴጥሮስም በሦስተኛው አዘነ። በየመልሱም ኃላፊነት ሰጠው፣ በጎቹን እንዲጠብቅ። አካሄዱ ምግብ፣ ቀጥሎ የሚያምም ጥያቄ፣ ቀጥሎ አደራ ነው። እኛ ብዙውን ጊዜ ተገላቢጦሹን እናደርጋለን፤ ምግቡን እንከለክላለን፣ ጥያቄውን በጩኸት እናደርገዋለን፣ አደራውንም እስከ መጨረሻው እንነጥቃለን።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የፈተና ውጤቱን ደብቆ፣ ካርዱ ላይ የአባቱን ፊርማ አስመስሎ ፈርሞ ተገኘ እንበል። የሚከተለውን ቅደም ተከተል ሞክሩ።

አንደኛ፣ በተያዘበት ሰዓት ፍርድ አትስጡ። «አውቄዋለሁ፤ ነገ ጠዋት እንነጋገራለን» ብላችሁ እራቱን ከሁሉም ጋር ይብላ። የዚያ ሌሊት ጭንቀቱ በራሱ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ በማግሥቱ ከወላጆች አንዱ ብቻውን ከልጁ ጋር ቁርስ ይቅረብ። ወንድሞቹና እህቶቹ ፊት የተነገረ ጥፋት ጥፋት መሆኑ ቀርቶ ቅጽል ስም ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ከበላ በኋላ ጥፋቱን በስሙ ጥሩት፤ «ዋሽተሃል፣ ፈርመሃል» በሉት። ነገሩን ማድበስበስ ምሕረት አይደለም። «አንተ ውሸታም ነህ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ያደረገውን፣ ሁለተኛው እርሱን ይኮንናል። ከዚያ ምን ፈርቶ እንዳደረገው ጠይቁትና መልሱን ሳታቋርጡ ስሙት። የፈራው እናንተን ሊሆን ይችላል፤ ይህን መስማት ይከብዳል። ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ አባቶች ልጆቻቸው ተስፋ እንዳይቆርጡ እንዳያበሳጩአቸው የመከረው በከንቱ አይደለም።

አራተኛ፣ ጥፋቱን የሚያስተካክልበት ሥራ ስጡት፤ ለምሳሌ ወደ አስተማሪው ሄዶ ራሱ እውነቱን ይናገር፣ እናንተም ከበሩ ውጭ ጠብቁት። አምስተኛ፣ ከሳምንት በኋላ ጥቂት እምነት የሚጠይቅ አደራ ስጡት፤ ገንዘብ ይዞ ወደ ገበያ እንዲሄድ ወይም ታናሹን ከትምህርት ቤት እንዲያመጣ ላኩት። ስድስተኛ፣ ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን አታንሡ፤ በሌላ ጥፋት ጊዜም ቢሆን።

«ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» የሚለው ብሂላችን ጥፋትን ማባበያ ሆኖ ሲጠቀስ እሰማለሁ፤ ነገር ግን ከነንፍጡ የወደደ ሰው ንፍጡን ይጠርጋል እንጂ እያየ ዝም አይልም።

ይህ ሁሉ ወላጆችንም ይመለከታል። በ50ዎቹ ቀናት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ አባት ወይም እናት ልጃቸውን «ትናንት ያለ አግባብ ጮኼብሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» ይበሉት። አባቴ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሉኝ፤ ከምክራቸው ሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ግን እርሱን ነው። ኑዛዜንም ለዐቢይ ጾም ብቻ አትተዉት። ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ኃጢአትን የማስተሰረይ ሥልጣን የሰጣቸው በራሱ በትንሣኤው ምሽት በመሆኑ፣ ምስጢረ ንስሐ ከመነሻው የፋሲካ ስጦታ ነው። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው በአንዱ ቅዳሜ መላው ቤተሰብ ሄዶ ይናዘዝና ሲመለስ በመንገድ ላይ ልጆቹ የሚወዱት ነገር ይገዛላቸው።

ደረጃ 5፦ ስለ ሞት በግልጽ መናገር

በእኛ ባህል ሞትን ከልጆች መደበቅ የተለመደ ነው። «ውጭ አገር ሄደዋል»፣ «ተኝተዋል» እንላቸዋለን፤ ልጁም መኝታ ይፈራል፣ ወይም የማይመጣ ስልክ ይጠብቃል። በትንሣኤ የሚያምን ቤት «ሞቱ» የሚለውን ቃል መናገር አለበት። «አያትህ ሞቱ። ሰውነታቸው ከእንግዲህ አይንቀሳቀስም፤ እኛም አዝነናል። ጌታ ግን ከሞት ስለተነሣ፣ እርሳቸውንም እንደሚያስነሣቸው እናምናለን።» በዚህ ቅደም ተከተል ይነገር፤ እውነቱ መጀመሪያ፣ ሐዘኑ ቀጥሎ፣ ተስፋው በመጨረሻ። ተስፋውን አስቀድሞ መናገር ልጁ እንዳያለቅስ የሚከለክለው ሊመስለው ይችላል። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ ዘንድ አልቅሷል፤ ይህን ለልጆች ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም፣ በትንሣኤ ማግሥት፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ሲያርፉ ይህን ጉዳይ ብዙ ቤቶች ባልጠበቁት ሰዓት ተጋፍጠውታል። በዚያ ዓመት ምሥራቁም ምዕራቡም ፋሲካን በአንድ ቀን ስላከበሩ፣ ልጆች እሑድ በአደባባይ ቡራኬ ሲሰጡ ያዩአቸውን አባት ሰኞ ሞቱ ሲባል ሰሙ። ማዕዶት መሻገር ማለት ነው። የዕለቱን ስም ብቻ አስረድተው ሻማውን ያበሩ ወላጆች ረዥም ስብከት አላስፈለጋቸውም።

ከ50ዎቹ ቀናት በአንዱ ወደ መካነ መቃብር ሂዱ። ልጆቹ ሣሩን ይንቀሉ፣ መስቀሉን ይጥረጉ፣ ከዚያ የትንሣኤው ሰላምታ እዚያው ይባል። በጦርነት ወይም በስደት ሰው ያጣና መቃብሩን የማያውቅ ቤተሰብ ይህንኑ በፎቶግራፉ ፊት ሻማ አብርቶ ሊያደርገው ይችላል።

ደረጃ 6፦ የራቁትንና ሁለት ፋሲካ ያላቸውን ማሰብ

እናታቸው ወይም አባታቸው በዓረብ አገር የሚሠሩ ልጆች ካሉ የማታው ጸሎት በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ይሁን። ስለ ገንዘብ የሚወራበት ጥሪና ለጸሎት የሚደረገው ጥሪ አይቀላቀሉ።

በኢትዮጵያ የምንኖር ካቶሊካውያን ፋሲካን ከኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ጋር በአንድ ቀን ስለምናከብር ከአማት ቤት ጋር የቀን ክርክር የለብንም። በአውሮፓና በአሜሪካ በላቲን ቁምስናዎች የሚያስቀድሱ ቤተሰቦች ግን በአብዛኞቹ ዓመታት ሁለት ቀን ይገጥማቸዋል፤ በ2018 ዓ.ም ለምሳሌ የምዕራቡ መጋቢት 27፣ የእኛው ሚያዝያ 4 ነበር። ምክሬ አጭር ነው። የምታስቀድሱበት ቁምስና የሚያከብረው ቀን የቤታችሁ ፋሲካ ይሁን፤ ሽምብራውም ከዚያ ይቆጠር። ሁለተኛው ቀን ደግሞ የዘመድና የጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ይሁን እንጂ አንደኛው ትክክል፣ ሌላው ስሕተት ነው ተብሎ ልጆች ፊት አይነገር። ዕርገትም በአንዳንድ አገሮች ከሐሙስ ወደ ቀጣዩ እሑድ ስለሚዛወር የቁምስናውን መርሐ ግብር አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

ደረጃ 7፦ የመጨረሻዎቹ ዐሥር ቀናት

በዕርገት ብርጭቆው ውስጥ 10 ፍሬ ይቀራል። ሐዋርያት ከእመቤታችን ጋር በአንድ ልብ ሆነው መንፈስ ቅዱስን የጠበቁት በእነዚህ ቀናት ነውና፣ በየምሽቱ አንድ የቤተሰብ አባል ስለሚፈራው ወይም ስለሚጠብቀው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ሌሎቹም ስለዚያ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ። ምክር መስጠት የለም። ይህ ደንብ ለአባቶች ከሁሉ ይከብዳል።

በጰራቅሊጦስ እሑድ ማታ ሁሉም የጥምቀት ሻማውን ይያዝ። ወላጆች በእያንዳንዱ ልጅ ግንባር ላይ በአውራ ጣት የመስቀል ምልክት ያድርጉ፤ ልጆቹም ለወላጆቻቸው እንዲሁ ያድርጉ። የመጨረሻው ፍሬ ይዘዋወር፤ ሻማዎቹ ጠፍተው ወደ ቦታቸው ይመለሱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ማን እንደሚያወጣቸውም ከወዲሁ ይወሰን።

ሽምብራውን አትጣሉት። ማታውኑ በውኃ ይዘፍዘፍ፤ ከስንዴና ከባቄላ ጋር ተደባልቆ ሰኞ ጠዋት ንፍሮ ይቀቀልና ልጆቹ በሰሃን ይዘው ለጎረቤት ያድርሱት።